እሜቴ ያለዘይት

አጎቴ ለእናቴ ያወጣላት ስም «እሜቴ ያለዘይት» ነው። ያወጣላት እኔ ገና ፊደል ለይቼ ሳልጨርስ ሲሆን፣ ይኸው እኔ ራሴ የልጆች እናት ሆኜም አልተዋትም። እሁድ ምሳ ላይ ሾርባው ሲቀርብለት ማንኪያውን ከፍ አድርጎ ያየዋል። «እሜቴ፣ ይሄ ዘይት ገብቶበታል ወይስ እንደኔ መኪና በደረቁ ነው የተነሳው?» ይላል። ሁላችንም እንስቃለን። እናቴም ትስቃለች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለውና ዳቦውን ቆርሳ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች።

ቀልዱ ከየት እንደመጣ ለመናገር ከጋራዡ መጀመር አለብኝ።

ጋራዡ የቤታችን ግቢ ነበር። በአንድ ወገን የምንኖርባቸው ክፍሎች፣ በሌላው ወገን አባዬ የሚሠራበት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ መኪና ከላዩ የሚቆምበት ጉድጓድ። ጠዋት የምነቃው በቤንዚን ሽታ ነው። ቁርስና ቤንዚን አብረው ስለሚመጡ ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬ ነዳጅ ማደያ ስገባ ይርበኛል።

መካኒኩ አባዬ ነው፤ የጋራዡ ግማሽ እጅ ግን የእናቴ ነበር። አንድ ሞተር ወርዶ፣ ተበትኖ፣ ታጥቦ እንደገና ሲገጠም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት ዘይት መጠጣት አለበት። ዘይቱ ከታች ተኝቷል፤ የታደሱት ብረቶች ደግሞ ከላይ ደርቀው ይጠብቃሉ። አባዬ ይህን ሲያስረዳኝ ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ አፋተጋቸው። «እጅ እንዲህ ሲሆን ይሞቃል አይደል? ብረት ደግሞ ይበላላል» አለኝ። ስለዚህ ከላይ ባለው ቀዳዳ ረጅም ዘንግ ይወርድና የዘይቱን ፓምፕ ይይዛል፤ የዘንጉ ሌላ ጫፍ ድሪል በሚባለው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ላይ ይታሰራል፤ ድሪሉ ፓምፑን እያዞረ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ድሪሉን የምትይዘው እናቴ ነበረች።

«የኔ እጅ አይሰማም። የሷ ይሰማል» ይል ነበር አባዬ።

እውነቱን ነው። ድሪሉ መጀመሪያ ባዶውን ስለሚዞር ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጭን ነው። ፓምፑ ዘይቱን ሲያገኝ ግን ይወፍርና ማጉረምረም ይጀምራል፤ ክብደቱም የእናቴን ክንድ ሊጠመዝዘው ይታገላል። እሷ እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ ትይዘዋለች። እኔ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተንበርክኬ የዘይቱን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ አያለሁ። መርፌዋ ከተኛችበት ቀና ስትል «ተነሳች» እላለሁ። አባዬ ከሞተሩ አናት ላይ ዘይት ሲፈልቅ ያይና ወደ እናቴ ይዞራል፤ የመጨረሻው ቃል የሷ ነው። «ጠጣ» እስክትል ድረስ የመኪናው ቁልፍ ከሷ ሽርጥ ኪስ አይወጣም። ይህ የጋራዛችን ሕግ ነበር፤ አንድም ባለመኪና ሲከራከረው አላየሁም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው በጊዜ ስለሞተ እሷን አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነበር። ሰፈሩ «ጥሩንባ» ይለዋል፤ መንገድ ማዶ ሆኖ ሲያስነጥስ የኛ ቤት ድመት ብድግ ትል ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ሹፌር ነበር። የራሱ መኪና ሆዷ የሰፋ አሮጌ ነበረች፤ ሞተሯ ካለቀ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ጀመር። አባዬና እሱ ትርፍ ሰዓት ባገኙ ቁጥር ይጠግኗታል። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ዋናውን ዘንግ ለማግኘት ያላንኳኩት በር አልነበረም፤ የሷ ዓይነት መሠራት ካቆመ ቆይቷል። በመጨረሻ ከአንድ ከወደቀ መኪና ሆድ ውስጥ አገኙት።

መኪናዋ ስትነሳ አጎቴ የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ሊያመላልስ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል።

«የፊቱ ወንበር ያንቺ ነው» ብሎኛል። «ንጉሥ ቢመጣ ከኋላ ይቀመጣል እንጂ አንቺ አትነሺም።»

ይህን ያልነገርኩት የክፍል ጓደኛ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ ዕቃ ሊፈልግ ወጥቶ፣ እናቴ ከጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። አጎቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ከመኪናዋ ሥር ብሎን ያጠብቃል። ውሃ በጣሳ ይዤለት ስሄድ መፍቻው ከሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፣ ግን ነጫቸው ብቻ ነው የሚታየው። ክንዶቹ ታጥፈው ገላው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ተረከዙ ሲሚንቶውን ደግ ደግ ደግ ያደርገዋል፤ ከጉሮሮው እርርርር የሚል ድምፅ ይወጣል። ከአፉ ጥግ አረፋ ወጣ።

እኔ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ።

ምን ላድርግ፣ አጎቴ ሁልጊዜ የሚጫወት ሰው ነበር። የአህያ ድምፅ ያወጣል፣ የትራፊክ ፊሽካ በከንፈሩ ይነፋል። ይሄ ደግሞ ያልተስተካከለ ሞተር ነው አልኩ። መጀመሪያ ፈጠነ፣ ከዚያ እየቆራረጠ ሄደ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ። አጨበጨብኩለት። «ድገመው» አልኩት። አልመለሰልኝም፤ እያንኮራፋ ተኛ። ሱሪው ርሶ ነበር፤ ከመኪናዋ ውሃ የፈሰሰበት መሰለኝ።

ሲነቃ የማያውቀኝ ይመስል ብዙ አየኝ።

«ምን አየሽ?» አለ፤ ምላሱ ከብዶታል።

«የሞተር ጨዋታ።»

አፉን በእጅጌው ጠረገ። «አዎ» አለ በኋላ። «የሞተር ጨዋታ ነው። የኔና ያንቺ ብቻ።»

«ምላስህ ደምቷል እኮ።»

«ጥሩ ጨዋታ መስዋዕትነት ይፈልጋል» አለኝና የደማ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ።

እኔም ውሃውን ሰጥቼው እየዘለልኩ ሄድኩ።

ለእናቴ የነገርኳት ምስጢር አወጣሁ ብዬ አይደለም፤ አጎቴን ላሞግስ ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣኝ ጸጉሬን ታበጥራለች። «አጎቴ እንዴት ያለ የሞተር ጨዋታ እንደሚችል ብታዪ» አልኳት። «አረፋ ሁሉ ያወጣል።»

ማበጠሪያው ጸጉሬ ውስጥ ቆመ።

«አረፋ?»

«በአፉ። ዓይኑን ደግሞ እንዲህ።» ወለሉ ላይ ተንጋልዬ ተረከዜን እየደበደብኩ አሳየኋት፤ በደንብ ነበር የቻልኩበት። እናቴ አልሳቀችም። በክንዴ ጎትታ አነሳችኝና ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አቀፈችኝ።

«ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«የኔና የሱ ብቻ ነው ብሎኛል።»

«እንደዚያው ይሁን» አለች። ያን ቀን ግማሽ ጸጉሬ ሳይበጠር ዋለ።

አመሻሹ ላይ አጎቴ መጣ። እኔ የቤት ሥራዬን ስሠራ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ ነው» ይላል እሱ።

«ጋሼ፣ ልጆች ሳለንም አንድ ጊዜ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ትቶኝ ነበር እኮ።»

«ይኸው ተመለሰ። ልጆች ጭነህ ልትሄድ ነው?»

«መንዳት ትቼ ምን ልሁን? ቁጭ ብዬ ልጦር? ለባልሽ ብትተነፍሺ እህቴ አይደለሽም። ቁልፉን ብትከለክዪኝ ደግሞ በትከሻዬ ገፍቼ ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ።»

«እባክህ ጋሼ። እግርህ ላይ ልውደቅ።»

እኔ ሄዶ ስለተመለሰ አንድ አስቸጋሪ እንግዳ የሚያወሩ መሰለኝ። እንግዳ መጣ ብሎ ሰው መንዳት ይተዋል እንዴ ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ወደ መደመሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ እሁድ መኪናዋ የምትነሳበት ቀን ነበር፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ልንሄድባት። የሰፈር ልጆች ከነወላጆቻቸው በሩ ላይ ተሰብስበዋል። አባዬ የታጠበ ቱታ ለብሷል። አንድ ጎረቤት መኪናው አልነሳ ብሎት ግፋልኝ ብሎ ሲጠራው እናቴ ድሪሉን አነሳች። «ሂድ፣ እኔ አጠጣዋለሁ» አለችው። እኔ እንደልማዴ ወደ ጌጇ ስሮጥ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ዛሬ አንቺ አታስፈልጊም። ሂጂ ቁርስሽን ብዪ።»

ከፋኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን መግመጥ ጀመርኩ። አጎቴ የግቢው ቧንቧ ጋ ቆሞ፣ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጺሙን ይላጫል፤ አፉ ዙሪያውን ሳሙና ነው። ድሪሉ ጀመረ። ቀጭን ነው። ማጉረምረሙን ጠበቅኩ። ቀጭን ሆኖ ቀጠለ። የአጎቴ ምላጭ ጉንጩ ላይ ቆመ፤ የቆረጠው መሰለኝ። ድሪሉ እንደቀጠነ ጠፋ። እናቴ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች።

«ጠጣ» አለች።

ዳቦ ሳኝክ ማጉረምረሙ አምልጦኝ ይሆናል አልኩ።

አባዬ ሲመለስ የሞተሩ ክዳን ተገጥሞ ብሎኖቹ ታስረዋል።

«ዘጋሽው እንዴ?» አላት።

«ጠጣ አልኩህ እኮ።»

ከሷ ቃል በላይ ምን አለ? ከፍቶ አላየም። የቀረውን ገጣጠመና ጨርሻለሁ አለ። እናቴ ከሽርጧ ኪስ ቁልፉን አውጥታ በጭብጧ ይዛው ቆመች። አጎቴ ጆሮው ሥር ሳሙና እንደቀረ መጥቶ መዳፉን ዘረጋ። እሷ አየችው፣ እሱም አያት።

«በይ ስጪኝ» አለ። ጥሩንባው ሰውዬ በሰው ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። በሩ ላይ ያሉት ልጆች ጮኹ። አጎቴ ነዳጁን ረገጠ። ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ወደ አጥሩ በረሩ። እኔ ጌጇን አየሁ። መርፌዋ ተኝታለች።

«አልተነሳችም» አልኩት።

አጎቴ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል።

«አጎቴ፣ መርፌዋ አልተነሳችም» ብዬ እጅጌውን ጎተትኩ። እሱ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ከሥራችን ማንኳኳት ተሰማ፤ መጀመሪያ በትሕትና በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ከዚያ በመዶሻ። አባዬ ከፊት ሆኖ ሁለት እጁን ያወናጭፋል፤ የሚለው ግን አይሰማም። የአጎቴ እግር አልተነሳም። ብረት ሲያለቅስ ያን ቀን ሰማሁ። ከዚያ መኪናዋ አንዴ ተንፈራገጠችና ዝም አለች። የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ። አጎቴ አሁንም ይስቃል፤ ዕንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል።

በመስታወቱ እናቴን አየኋት። ከጣሪያው ሥር ክንዶቿን አጣጥፋ ቆማለች። የምታየው ሞተሩን ሳይሆን ወንድሟን ነበር።

አባዬ ዐመድ መስሏል። ሄዶ ድሪሉን አነሳና የአቅጣጫ ማብሪያውን አየ። «ወደ ኋላ ነው ያዞርሽው» አለ በሹክሹክታ። ድሪል ወደ ኋላ ከዞረ ፓምፑ አየር ያላምጣል እንጂ ዘይት አይስብም።

«የጠጣ መሰለኝ» አለች እናቴ።

ቀጥሎ የተናገረው አጎቴ ነው። ከመኪናዋ ወርዶ ዕንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ እሜቴ ያለዘይት ነው» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አለቀስኩ። ለፊቱ ወንበር ነበር ያለቀስኩት፤ እናቴን ጠላኋት።

የሞተሩ ዋና ዘንግ ተበልቶ ነበር፣ ሌላም አልተገኘም። አባዬ አልጮኸባትም። ድሪሉን ከፍ ያለ ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ቆይቶ ሠራተኛ ቀጠረ። ቁልፍ ዳግመኛ እናቴ ኪስ ውስጥ አልገባም፤ የሷ ድርሻ ቱታ ማጠብ ሆነ። አንድ ደንበኛ «ባለቤትህ አሁን ድሪሉን አትይዝም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው አባዬ «የሷ እጅ ድሮ ቀረ» ሲል ሰምቻለሁ። እናቴ ውሃ ይዛላቸው ከኋላው ቆማ ነበር። ጣሳውን አስቀምጣ ተመለሰች። አባዬ ይህንኑ እንዳመነ ሞተ። አጎቴ ጥግ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ በእግሩ ሲመላለስበት አረጀ፤ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። እኛም ልጆቹ ትምህርት ቤት በእግራችን ሄድን።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። በቅርቡ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሳሉ አንዲት ተማሪ ከወንበሯ ወደቀች። ሮጬ ጭንቅላቷን ያዝኩ፣ ወደ ጎኗ አዞርኳት፣ ሻርፔን አጣጥፌ ከሥሯ አደረግኩ። ተረከዟ ሲሚንቶውን ደግ ደግ ደግ ያደርገዋል። ከአፏ ጥግ አረፋ ወጣ። ሌሎቹ ፈርተው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ ግን ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

ያንን ልጅ አየሁት። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጬ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ።

ልጅቷ ነቃች፤ እናቷ መጥታ የቆየ የሚጥል ሕመሟ መሆኑን ነግራን ወሰደቻት። እኔ መምህራን ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። የቀረው ሁሉ ተከታትሎ መጣብኝ፤ ጸጉሬ ውስጥ የቆመው ማበጠሪያ፣ ስለ እንግዳ የመሰለኝ ወሬ፣ የተዘጋው ክዳን። ወደ ኋላ የሚዞር ድሪል እጅ ላይ አይከብድም፣ አያጉረመርምም። ይህን እኔ እንኳ ዳቦ እያኘክሁ ከሰማሁ፣ የእናቴ እጅ እንዴት ይሳሳታል?

እሁድ ምሳ ላይ ሾርባው ቀረበ። አጎቴ ማንኪያውን ከፍ አደረገ። «እሜቴ፣ ይሄ ዘይት ገብቶበታል ወይስ—»

«አጎቴ፣ እማዬ እኮ ያን ቀን» አልኩ።

ከጠረጴዛው ሥር የእናቴ እግር መጥቶ እግሬን ረገጠው። ፊቷ ላይ ፈገግታዋ አልጎደለም። «ብላ ጋሼ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። «አውቀሽ ነው» አልኳት።

ቧንቧውን ከፍታ አንዱን ሳህን ደጋግማ አጠበችው። «በማግስቱ ፊት ልትቀመጪ የነበረው አንቺ ነሽ» አለች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሳቅብሽ?»

«ስም ነው። ስም ሰው አይገድልም። ያሳደገኝን ሰው እግር የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ካወቀ ግን ይሞትብኛል። ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።»

ቃል ገባሁላት።

አጎቴን ወደ ቤቱ የማደርሰው እኔ ነኝ። የፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። በሩ ጋ ልንደርስ ስንል፣ «ምሳ ላይ ልትናገሪ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«እናትሽ ስትረግጥሽ ሾርባዬ ፈሰሰ እኮ።» ትንሽ ሳቀና ተወው። «ያን ቀን ጺሜን ስላጭ ድሪሉን ሰምቼዋለሁ። ሞተር ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው። እስከ መጨረሻው ቀጭን ነበር።»

መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። «ደረቅ መሆኑን እያወቅክ ነው ያስነሳኸው?»

«እሷ በሩን ከፈተችልኝ። እኔ ተውኩ ማለት በአፌ አቃተኝ፤ በእግሬ አልኩት።» ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ጫን አደረገው። «ተርፎ አባትሽ እንዳይጠግነው ብዬ እስከ መጨረሻው ረገጥኩት።»

የደስታ ሳቅ ነበር የመሰለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የደስታ ሳቅ ነበር የመሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ትቀልድባታለህ?» አልኩት።

«መሳቄን ከተውኩ ማወቄን ታውቃለች። ካወቀች ደግሞ እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትለምነኛለች። እኔን እሷ? በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ከዚያ የበሩን እጀታ ፈልጎ ያዘ። «እንዳትነግሪያት። ሆድ ይፍጀው።»

ወርዶ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ገባ። እኔ ብዙ ሰዓት ሞተር ሳላስነሳ እዚያው ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ሾርባው ሲቀርብ አጎቴ ማንኪያውን ከፍ አደረገ። እናቴ ዳቦውን መቁረስ ጀመረች። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ሳቅኩ።